እጅ የሚያላላው ሕመም፦ ጡንቻን ቤት ውስጥ የማሸት መመሪያ

ምጣድ ፊት ቆሞ ሲጋግር የዋለ፣ ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ጨብጦ የተቀመጠ፣ ኮምፒውተር ላይ አንገቱን ደፍቶ የሠራ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የሚለው አንድ ዓይነት ነው፦ «ትከሻዬ ደርቋል፤ ወገቤን ይዞኛል፤ እስቲ እሹኝ»። ከቤተሰቡ ጉልበት ያለው ተመርጦ ይነሣና ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫናል። የሚታሸው ጥርሱን ነክሶ ይችላል። «ካላመመ አይለቅም» እየተባለ ነገሩ ይቀጥላል። በማግስቱ ቦታው ሲነካ የሚያም፣ አንዳንዴም የበለዘ ሆኖ ይገኛል።

ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የጉልበቱ ነው። ጡንቻ ሕመም ሲሰማው ራሱን ለመከላከል ይወጠራል፤ አብዝተው ሲጫኑት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ ሌላው ሁሉ ቢረሳዎት ይህን ይያዙ፦ ቀስ ይበሉ፣ ከልክ አይለፉ፣ ታሽተው ሲያበቁ ይንቀሳቀሱ። ለዚህ የሚያስፈልግዎት ሁለት እጅ፣ ጥቂት ዘይት፣ አንድ ፎጣና አንድ የቴኒስ ኳስ ብቻ ነው።

ማሸት የሚሠራውና የማይሠራው

ቅልጥምዎ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እጅዎ ሳያስቡት ሄዶ ቦታውን ያሻሻል፤ ሕመሙም ጥቂት ይቀንሳል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ ይህን መሰል ነገር ለማስረዳት ሞክረዋል። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመውጣቱ በፊት ህብለ ሰረሰር ላይ «በር» ብለው በጠሩት ማለፊያ በኩል ያልፋል፤ የንክኪና የጫና መልእክት አብሮ ሲመጣ የሕመሙ መልእክት ይዳከማል አሉ። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ዛሬም ይጠቀሳል። በዝግታ መታሸት በዚህ ላይ ትንፋሽን ያረጋጋል፣ ሳያውቁት ወጥረው የያዙትን ትከሻ ያስለቅቃል።

የማይሠራውንም ማወቅ ይጠቅማል። «ጅማት ዞሯል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የዞረ ነገር የለም፤ ጣት ሥር የሚንከባለለው የጠጠረ የጡንቻ ክፍል ነው። እሱንም በጉልበት «መስበር» አይቻልም፤ እንዲላላ መርዳት ነው የሚቻለው። ከስፖርት በኋላ ጡንቻ ውስጥ የቀረ አሲድ በማሸት ይወጣል የሚባለውም ትክክል አይደለም። አሲዱ ከስፖርቱ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠረጋል። በማግስቱ የሚሰማው ሕመም ያልለመደው ጡንቻ ላይ ከደረሱ ጥቃቅን ጉዳቶችና ሰውነት እነሱን ከሚጠግንበት ሂደት የሚመጣ ነው።

የማሸት እፎይታ ብዙውን ጊዜ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በቅርቡ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ሙቀትንና ማሳጅን ጠቅሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሳጅን ከአካል ብቃት እንቅስቃሴና ከምክር ጎን አስቀምጦታል። ከጎን የሚለው ቃል ይሰመርበት። የተገኘውን እፎይታ ለመንቀሳቀስ ካልተጠቀሙበት ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የማይታሹ ሕመሞች

ከታች ካሉት አንዱ ካለ ዘይቱን ያስቀምጡና ሐኪም ያማክሩ።

• አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱ የሚያም ከሆነ። በተለይ ከቀዶ ሕክምና፣ ከወሊድ ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ከመጣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። ባቱን ሳይነኩ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

• ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለው ሕመም። ይህ የልብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

• ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከልና መቀመጫ ላይ መደንዘዝ ካለ፣ እግር ከከዳ። በዚያው ቀን መታየት ያለበት ነው።

• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ያለው የጀርባ ሕመም። ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የጀርባ አጥንትንም ይይዛል።

• ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ቅርጹ የተለወጠ መገጣጠሚያ።

• ቁስል፣ ቃጠሎ፣ መግል የያዘ ወይም የቀላና የሚያተኩስ ቆዳ፣ ያበጠ የደም ሥር ያለበት ቦታ።

• ከከባድ ስፖርት ወይም ከጉልበት ሥራ በኋላ ሽንት የሻይ ቀለም ይዞ ከመጣ። ጡንቻ ክፉኛ ተጎድቶ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ይችላል።

እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ የአጥንት መሳሳት ያለባቸውና የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ጠንካራ ጫና አይሞክሩ። ነፍሰ ጡር ሆድዋ አይታሽም፤ ሽሉን «ለማስተካከል» ተብሎም ቢሆን። ትከሻዋንና ወገቧን በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አድርጎ ለስለስ ባለ እጅ ማሸት ይቻላል። በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ዕድሉ ስለሚጨምር ባቷን አጥብቆ መጫን ግን አይገባም።

ዝግጅት

1. ቦታ ይምረጡ። የሚሰምጥ አልጋ ለሁለቱም አይመችም፤ የሚታሸው ይጎብጣል፣ የሚያሸው ወገቡን ይታመማል። ወለል ላይ ስስ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይሻላል። በሆዱ ለሚተኛ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ፣ ወገቡ ለሚያመው ደግሞ ሆዱ ሥር ስስ ትራስ ያድርጉ።

2. ሙቀት ይጠብቁ። የበረደው ሰው ጡንቻ አይላላም። የሚታሸውን ክፍል ብቻ ገልጠው የቀረውን በጋቢ ይሸፍኑ።

3. ጥፍርዎን ይቁረጡ፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፤ እጅዎን ታጥበው ያሙቁ።

4. ዘይት ያዘጋጁ። የሰሊጥ፣ የወይራ ወይም የኮኮናት ዘይት፣ ከሌለም ቫዝሊን ይበቃል። ለሙሉ ጀርባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። መዳፍዎ ላይ አፍስሰው እጅ ለእጅ ካሻሹ በኋላ ይቀቡ እንጂ ሰውየው ጀርባ ላይ ቀዝቃዛ ዘይት አያፍስሱ። አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ክንዱ ላይ ጥቂት ይሞክር።

5. በቁጥር ይስማሙ። ምንም የማያም ዜሮ፣ የማይቻል ሕመም 10 ቢሆን፣ ጫናው ከ5 ማለፍ የለበትም። የሚታሸው ሰው በይሉኝታ ዝም እንዳይል እየደጋገሙ «አሁን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ትንፋሹን ከያዘ፣ ጣቱን ካጠፈ ወይም ፊቱን ካጨማደደ ቁጥሩን ሳይጠብቁ ጫናዎን ይቀንሱ።

6. ጊዜውን ይወስኑ። ለአንድ አካባቢ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከባድ ምግብ እንደተበላ አይጀምሩ።

ሦስቱ የእጅ አሠራሮች

ማንሸራተት፦ መዳፍዎን በሙሉ ቆዳው ላይ አሳርፈው በረጅሙና በዝግታ ይሂዱ። ሁሌም የሚጀመረውም የሚጨረሰውም በዚህ ነው። እግርና ክንድ ላይ ከጫፍ ወደ ልብ አቅጣጫ ሲሄዱ ጫን፣ ሲመለሱ ቀለል ያድርጉ።

ማቡካት፦ ሥጋውን በመዳፍና በጣቶች መካከል ይዘው፣ ሊጥ እንደሚያቦኩ አንሣ ጨመቅ እያደረጉ፣ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ይሂዱ። ቆዳ መቆንጠጥ ሳይሆን ጡንቻውን በሙላት መያዝ ነው። ለትከሻ፣ ለታፋና ለባት ይስማማል።

ነጥብ ይዞ መቆየት፦ ጠጠር ያለችውን ቦታ በአውራ ጣት ወይም በሁለት ጣት ተጭነው ሳያንቀሳቅሱ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይቆያሉ። እዚህ ላይ ዘይት ካበዙ ጣትዎ ይንሸራተታል።

ሲጫኑ ጉልበቱ ከጣትዎ ሳይሆን ከሰውነትዎ ክብደት ይምጣ። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው ያዘንብሉ። አውራ ጣትዎ ከደከመ መዳፍዎን ወይም ክንድዎን ይጠቀሙ። አጥንት ላይ፣ በተለይም የጀርባ አጥንት ላይ በቀጥታ አይጫኑ። የአንገት የፊትና የጎን ክፍል፣ ብብት፣ ብሽሽትና የጉልበት ኋላ የደም ሥሮችና ነርቮች ከቆዳ ሥር ቅርብ የሆኑባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ይለፏቸው።

አንገትና ትከሻ፦ ብቻዎን ሲሆኑ

1. ወንበር ላይ እግርዎን መሬት አስረግጠው ይቀመጡ። ትከሻዎን ወደ ጆሮዎ ከፍ አድርገው ለ5 ሰከንድ ይያዙና በረጅሙ እየተነፈሱ ይልቀቁት።

2. በቀኝ እጅዎ የግራ ትከሻዎን፣ ከአንገት ወደ ትከሻ ጫፍ የሚወርደውን ወፍራም ጡንቻ ይያዙ። አራቱ ጣቶች ከኋላ፣ መዳፉ ከፊት ይሁን። ጨመቅ አድርገው ለ5 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ። ከአንገት ሥር ጀምረው ወደ ጫፉ እየሄዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱ።

3. አሁን በጣትዎ ጫፍ ይፈልጉ። ከአንገትና ከትከሻ ጫፍ መሐል ላይ ብዙ ሰው የሚያመው ነጥብ አለ፤ ሲጫኑት ሕመሙ አንዳንዴ ወደ ጆሮ ግንድ ወይም ወደ ግንባር ጎን ይሄዳል። ሌባ ጣትዎንና የመሐል ጣትዎን ያሳርፉበት፤ ሕመሙ 4 ወይም 5 ላይ ሲደርስ ጫናውን እዚያው ያቁሙ። ጣትዎን አያሽከርክሩ። በአፍንጫ ስበው በአፍ ረዘም አድርገው ይተንፍሱ። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የሌለ ይመስላል። ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ግን ያው ጫና ቀለል ብሎ ይሰማል፤ 5 የነበረው 3 ይሆናል፤ ጣትዎም ሳይገፋ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ጡንቻው ለቀቀ ማለት ያን ጊዜ ነው። ጣትዎን በድንገት ሳይሆን ቀስ ብለው ያንሡ። በአንድ ደቂቃ ካልለቀቀ ጫናውን አይጨምሩ፤ ወደ ሌላ ነጥብ ይሂዱና በማግስቱ ይመለሱበት።

4. ጣቶችዎን ከጭንቅላትዎ ጀርባ አቆላልፈው ሁለቱን አውራ ጣቶች የራስ ቅልዎ ከማጅራትዎ ጋር በሚገናኝበት፣ ግራና ቀኝ ባሉት ጎድጓዳ ቦታዎች ላይ ያሳርፉ። ትንንሽ ክብ እየሠሩ ለአንድ ደቂቃ ያሻሹ። ስልክ ላይ አቀርቅሮ ከመዋል የሚመጣ የራስ ምታት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

5. ጭንቅላትዎን ቀስ ብለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ አምስት አምስት ጊዜ ያዙሩ፤ ከዚያ ጆሮዎን ወደ ትከሻዎ አዘንብለው በየጎኑ 20 ሰከንድ ይቆዩ።

እጅዎ ለማይደርስበት ለላይኛው ጀርባ የቴኒስ ኳሱን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። የካልሲውን ጫፍ በትከሻዎ በኩል ይዘው ኳሱን በጀርባ አጥንትዎና ከትከሻ ጀርባ ባለው ሰፊ አጥንት መካከል ካለው ሥጋ ላይ ያውሉና ግድግዳ ይደገፉ። ጉልበትዎን ጥቂት ሲያጥፉና ሲዘረጉ ኳሱ ይሽከረከራል። የሚያም ነጥብ ሲያገኙ ቆም ይበሉበት።

በአንዳንድ ፀጉር ቤቶች ከተቆረጡ በኋላ አንገትን ይዞ በድንገት ጠምዝዞ «ማስጮህ» እንደ ምርቃት ይታያል። አይቀበሉት። ድንገተኛ ጥምዘዛ፣ እምብዛም ባይሆንም፣ በአንገት ውስጥ የሚያልፈውን የደም ሥር ሊቀድና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

ወገብ

በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረበት ሰው 619 ሚሊዮን ይደርስ ነበር። አብዛኛው ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ በምርመራ የማይታይ፣ በሳምንታት ውስጥ የሚሻል ነው። «ወገቤ እስኪሻለኝ» ብሎ ቀናትን ሙሉ መተኛት ይልቁንም ያዘገየዋል።

ሌላ ሰው ሲያሽዎት፦

1. በሆድዎ ይተኙ፤ የሚያሸው ሰው ከጎንዎ ይንበርከክ። ሁለት መዳፎቹን ከጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ አሳርፎ ከወገብ እስከ ትከሻ፣ ከዚያ በጎን በኩል ወደ ታች፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያንሸራትት።

2. ከጀርባ አጥንቱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ባለው ወፍራም ጡንቻ ላይ በመዳፉ ግርጌ እየተጫነ ከዳሌ ወደ ላይ ቀስ እያለ ይውጣ። በየጫናው ላይ አንድ ረጅም ትንፋሽ ያህል ይቆይ። የመጨረሻዎቹ የጎን አጥንቶች አካባቢ፣ ኩላሊት ባለበት፣ ጫናው ይቅለል።

3. መቀመጫን አይርሱ። ወገቡን የሚያመው ብዙ ሰው ሕመሙ የተከማቸው ከዳሌ አጥንቱ በታች፣ በመቀመጫው የላይኛው የውጭ ክፍል ነው። በልብስ ላይ እንዳለ በመዳፍ ወይም በክንድ ጫን ብሎ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መቆየት ይበቃል።

4. በረጅም ማንሸራተት ይጨርስ።

ብቻዎን ከሆኑ ኳሱን በመቀመጫዎና በግድግዳ መካከል አድርገው ይጫኑት። ከዚያ በጀርባዎ ተኝተው አንድ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ስበው 20 ሰከንድ ይያዙ፤ እግር ይቀይሩ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ነጥብ መጫኑን ትተው ይመርመሩ።

ታፋና ባት

የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በዓመት አንዴ አዲስ አበባን ያንቀሳቅሳል። ከሯጮቹ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ሮጠው የማያውቁ ስለሆኑ በማግስቱ ጠዋት ደረጃ መውረድ ፈተና ይሆንባቸዋል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታና በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ማሸት አያስቀረውም፤ ስሜቱን ግን ያቀለዋል። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ወለል ላይ ተቀምጠው አንድ እግርዎን ይዘርጉ፤ ጉልበቱ ሥር ፎጣ ያድርጉ።

2. ታፋዎን ከጉልበት በላይ ጀምረው ወደ ላይ በሁለት መዳፍ አሥር ጊዜ ያንሸራትቱ፤ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ያቡኩት። ብሽሽት ሳይደርሱ ይቁሙ።

3. ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ያስረግጡ፤ ባትዎ ዘና ይላል። ከተረከዝ በላይ ጀምረው ወደ ላይ ያንሸራትቱ፤ በሁለቱም እጅ ይዘው ግራና ቀኝ ያወዛውዙት። የጉልበትዎን ኋላ አይንኩ።

4. ሌላውን እግር ይድገሙ፤ ሲጨርሱ ለአምስት ደቂቃ ይራመዱ።

ገና በታመመ ጡንቻ ላይ «ላላላው» ብሎ መደብደብ ወይም በክርን መጫን ጉዳቱን ያብሳል።

ሌሊት ባት ሲሸመቅቅ ግን ቅደም ተከተሉ ይለያል። እጅ መጀመሪያ የሚሮጠው የጠጠረውን ሥጋ ለመጨመቅ ነው፤ አይጭመቁት። ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ። መነሣት ከቻሉ በሙሉ እግርዎ ይቁሙና ክብደትዎን ተረከዝዎ ላይ ያሳርፉ። ባቱ ሲለቅ፣ ከዚያ ወዲያ ለስለስ አድርገው ወደ ላይ ያሻሹት። እየተደጋገመ ከመጣ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የውስጥ እግርና ክንድ

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ተረከዝን እንደሚወጋ የሚሰማቸው ሰዎች ሕመም የሚነሣው ከተረከዝ ወደ ጣቶች ከተዘረጋው ጠንካራ ሽፋን ነው። ገና ከአልጋ ሳይወርዱ የእግር ጣቶችዎን በእጅዎ ወደ ኋላ ስበው 10 ሰከንድ ይያዙ፤ አሥር ጊዜ ይድገሙ። ማታ ደግሞ ሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዘው በረዶ ሲሆን፣ ካልሲ አድርገው በውስጥ እግርዎ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያንከባልሉት። ስኳር ያለባቸውና እግራቸው የሚደነዝዝ ሰዎች በረዶም ሙቀትም እግራቸው ላይ አያድርጉ፤ ሳይሰማቸው ሊቆስሉ ይችላሉ።

ሲጋግር፣ ልብስ በእጁ ሲያጥብ ወይም ሲጽፍ የዋለ ሰው ክንድ ከክርን ዝቅ ብሎ ይጠጥራል። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው በሌላው እጅ አውራ ጣት ከአንጓ ወደ ክርን በዝግታ ይሂዱ፤ ከላይም ከሥርም። የሚያም ነጥብ ላይ ጣትዎን አሳርፈው አንጓዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉት። የአውራ ጣት ሥር ያለውን ወፍራም ሥጋ ለአንድ ደቂቃ መጫን እጅን በጣም ያሳርፋል።

ሙቀት፣ ቅዝቃዜና ቅባት

ለደረቀና ለቆየ ሕመም ሙቀት፤ ትኩስ ለሆነና ላበጠ ጉዳት ቅዝቃዜ። ሁለቱም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አይለፉ፤ በቆዳና በሙቀቱ ወይም በበረዶው መካከል ፎጣ ይኑር። የሙቅ ውሃ የላስቲክ ከረጢት ከሌለ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ደረቅ ሩዝ ሞልተው ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ማሞቅ ይቻላል። ከማስቀመጥዎ በፊት በአንጓዎ የውስጥ ክፍል ይለኩት። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ አይጨምሩ፤ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ ያፈስስና ያቃጥላል። ከመታሸት በፊት ሙቅ ሻወር ወይም ፍል ውሃ መግባት ሥራውን ግማሽ ያቀለዋል።

ቪክስ፣ ዲፕ ሂት፣ አቡ ፋስና መሰሎቻቸው ቆዳ ላይ የማቀዝቀዝ ወይም የማሞቅ ስሜት ፈጥረው ከሕመሙ ያዘናጋሉ እንጂ ጡንቻውን አይጠግኑም። የቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀቧቸው፤ ቀብተው በላዩ ሙቀት አያድርጉ፤ እጅዎን ሳይታጠቡ ዓይንዎን አይንኩ። እንደ ቮልታረን ያለው የዲክሎፌናክ ጄል መድኃኒት ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ልብ የሚያማቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ተመሳሳይ ክኒን የሚወስዱም ፋርማሲ ባለሙያን ሳያማክሩ አይጠቀሙት።

ከታሹ በኋላ

በድንገት አይነሡ፤ ጎንዎ ላይ ዞረው፣ ተቀምጠው፣ ከዚያ ይቁሙ። ውሃ ሲጠማዎት ይጠጡ፤ መታሸት መርዝ አስለቅቆ ውሃ እንዲያጥበው ያደርጋል የሚባለው መሠረት የለውም። የሚሻለው ወዲያው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መራመድና የታሸውን ክፍል በሙሉ አቅሙ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ነው። እስከ ሁለት ቀን ቀለል ያለ መጠዝጠዝ ሊኖር ይችላል። ከበለዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከበፊቱ ከበረታ ጫናው በዝቷል፤ ቢያንስ ለሦስት ቀን ያሳርፉትና ሲመለሱ በግማሽ ጫና ይጀምሩ።

ወለምታ፣ ወጌሻና ራጅ

እግር ወለም ሲል ወጌሻ ፍለጋ መሄድ ልማዳችን ነው። ልምድ ያላቸው ወጌሾች ዘና የሚያደርግ እጅ እንዳላቸው በእነሱ የታሸ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ትኩስ ወለምታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መታሸት የለበትም፤ ውስጥ የተቀደደው ይበልጥ ይደማል፣ እብጠቱ ይጨምራል። እግርዎን ከፍ አድርገው ያሳርፉ፤ በፎጣ በተጠቀለለ በረዶ ያቀዝቅዙ፤ በሚለጠጥ ፋሻ ላላ አድርገው ይሰሩት።

አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥንቱ ራሱ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ከማንኛውም እጅ በፊት ራጅ ይቅደም። የተሰበረ አጥንትን በቀርከሃ ወይም በሌላ ነገር አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ዘግቶ ጋንግሪን ሊያስከትል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት እግርና እጅ የተቆረጠባቸው ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ከታሰረው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፈትተው ወደ ሆስፒታል ይሮጡ።

የሁለት ሳምንት ዕቅድ

አንዴ ታሽቶ መርሳት አያዋጣም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ አንድ የሚያምዎትን አካባቢ መርጠው ለ15 ደቂቃ ይሹ። በየቀኑ ደግሞ 20 ደቂቃ ይራመዱ፤ በሥራ ላይ በየ45 ደቂቃው ተነሥተው ትከሻዎን ያንቀሳቅሱ። ምጣዱ ወይም ጠረጴዛው ዝቅ ብሎ የሚያጎብጥዎት ከሆነ ከፍ ያድርጉት፤ ሁለት ጀሪካን የሚያነሡ ከሆነ በሁለቱም እጅ እኩል ተሸክመው፣ ከጉልበትዎ ታጥፈው ይነሡ። ማታ ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥተው ደብተር ላይ ይጻፉ።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ቁጥሮቹን ያስተያዩ። ከ6 ወደ 3 ከወረዱ መንገድዎ ትክክል ነው፤ ማሸቱን በሳምንት ወደ አንድ ቀን ቀንሰው እንቅስቃሴውን ይጨምሩ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ወይም ከወጣ ጫናውን አይጨምሩ፤ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይሂዱ። መቼ እንደሚብስ፣ ምን እንዳቀለለውና ወዴት እንደሚሄድ በጽሑፍ ይዞ የቀረበ ታካሚ ለባለሙያው ሥራውን ያቀልለታል።